ሃምሳ አለቃ ከሊፋና እንዲረግጡ የታዘዙት ፈረሶች

ደብዳቤውን የተየብኩት እኔ ነኝ። በ1974 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ውስጥ፣ ሰኞ ጠዋት ነበር። አዲሱ የፈረሰኛ ፖሊስ ቡድን አዛዥ መቶ አለቃ ወንድይፍራው በእጁ የጻፈውን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «በሦስት ቅጂ» አለኝና ወጣ። ካርቦኑን በወረቀቶቹ መሀል አስገብቼ መምታት ጀመርኩ። ታይፒስት ፊደሉን ያያል እንጂ ነገሩን አያነብም። ጣቶቼ «መሬት ላይ የወደቀ ወይም የተኛ ሰው ሲያጋጥማቸው ሳይዘሉና ሳይቆሙ ረግጠው እንዲያልፉ» የሚለውን መትተው ሌላ መስመር ከጀመሩ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ወደ ኋላ ተመልሼ አነበብኩት። የተሳሳትኩ መሰለኝ። ከእጅ ጽሑፉ ጋር አመሳከርኩት፤ አልተሳሳትኩም።

ደብዳቤው የተጻፈው ለሃምሳ አለቃ ከሊፋ ኸድሩ ነበር። ጋሽ ከሊፋ የቡድኑ ፈረስ አሰልጣኝ፣ የእኔ ደግሞ የግድግዳ ጎረቤት ነው። ከሚስቱ ከረህማ ጋር እንደ አንድ ቤት ሰው ነበር የምንወጣ የምንገባው። ይህን ሰው ዲላ ውስጥ እንደ እኔ በቅርብ የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ ለዚህም ነው ታሪኩን እኔ የምናገረው።

አባቱ አቶ ኸድሩ ከጉራጌ አገር መጥተው ዲላ ገበያው አጠገብ ጨው፣ ጨርቅና ላምባ የሚሸጡበት ሱቅ ከፍተው ነበር። መኪናው እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን ከገደብ እስከ ዲላ ቡና የሚያመላልሱ አስራ አንድ የጭነት በቅሎና ፈረስም ነበራቸው። ከሊፋ የበኩር ልጅ ስለሆነ ሱቁን እንዲረከብ ነበር የታሰበው። እሱ ግን ደንበኛ እየጠበቀው ከሱቅ ይወጣና ከመንገድ የገቡትን ከብቶች ጀርባ ሲዳስስ፣ በኮርቻ የተላጠ ቁስላቸውን ሲያጥብ ይውላል። በ1957 ዓ.ም.፣ ሃያ ዓመት ሲሞላው፣ ፖሊስ ለፈረሰኛ ቡድን ሰው እንደሚፈልግ ሰማና ሄዶ ተመዘገበ። አባቱ ሁለት ዓመት ሙሉ አላናገሩትም። እናቱ እማማ አሲያ ግን በሰው እጅ ስኳር በወረቀት ጠቅልለው ይልኩለት ነበር። «ለፈረሱ ነው በሉት፤ እሱስ ጥፋተኛ ነው» ይሉ ነበር አሉ።

ከይርጋጨፌ በላይ ያለውን ዳገት፣ አሪቻን፣ ባንኮ ጎቲቲን የሚያውቅ ሰው ፈረሰኛ ፖሊስ ለምን እንዳስፈለገ አይጠይቅም። መኪና ዋናውን መንገድ ከለቀቀ በኋላ የሚሄድበት የለውም። በእንሰቱና በቡናው መሀል ያለው መንገድ ለሁለት ሰው እንኳ ጎን ለጎን አይበቃም፤ ሲዘንብ ደግሞ እንደ ሳሙና ነው። ከብት የተሰረቀበት፣ በድንበር የተጣላ፣ ሰው የጠፋበት ሁሉ ሦስትና አራት ሆነው በጭቃው ሽቅብ የሚመጡትን ፈረሰኞች ነበር የሚጠብቀው። በኋላ፣ በደርግ ጊዜ፣ ቡና በስውር እንዳይወጣ መጠበቅም ሥራቸው ሆነ።

ፈረሶቹ አስራ ስምንት ነበሩ። ጋሽ ከሊፋ ራሱ ቡሌ ደጋ ድረስ ወጥቶ ነው የሚመርጣቸው። ሲመጡ ጸጉራቸው የበዛ፣ የዲላ ሙቀትና ዝንብ የሚያሳብዳቸው፣ የመኪና ጡሩምባ ሰምተው የማያውቁ ናቸው። ልምምዱ የሚካሄደው ከከተማው በታች ለገዳራ ወንዝ አጠገብ ባለ ሜዳ ላይ ነው። መጀመሪያ ሰባት ቀን ማንም አይቀመጥባቸውም፤ ሸኮናቸውን አንድ በአንድ ማንሳት፣ ጆሯቸውን መንካት፣ አጠገባቸው ቆሞ ማውራት ብቻ ነው። ከዚያ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ አሸዋ የተሞላ ጆንያ፣ በሃያኛው ቀን ኮርቻ። ፈረሱ ሰው መሸከም ከለመደ በኋላ ከባዱ ትምህርት ይመጣል። አዳዲሶቹ ፖሊሶች ቆርቆሮ እየደበደቡ ይከቡታል። ጃንጥላ ፊቱ ላይ በድንገት ይከፈታል። ቀይ ባንዲራ አናቱ ላይ ይውለበለባል። ጎማ ይቃጠልና በጢሱ ውስጥ ይነዳል።

የመጨረሻው ትምህርት ጋሽ ከሊፋ በጣም የሚኮራበት ነበር። ሰው መሬት ላይ ይተኛል፣ ፈረሱም በሩጫ ይመጣል። መጀመሪያ የሚተኛው ሁልጊዜ እሱ ራሱ ነው።

«ፈረስ አውቆ ሰው አይረግጥም» ይላቸው ነበር። «የሚረግጠው ሲፈራ ነው። ፍርሃቱን ካወጣህለት እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ከአንተ ይበልጥ ያውቃል።»

ከፖሊሶቹ ሁሉ በዚህ ልምምድ የታወቀው ዘነበ ነው። ዘነበ ከገደብ አካባቢ የመጣ የጌዴኦ ገበሬ ልጅ ነበር፤ ያኔ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። አማርኛን ያወቀው ትምህርት ቤት ስለሆነ ሴቱንና ወንዱን አንዳንዴ ያደባልቃል፣ ጓደኞቹም ይስቁበታል። መጀመሪያ ቀን ሲተኛ ጥርሱ እየተፋጨ ነበር አሉ። በኋላ ግን ክንዱን ተንተርሶ፣ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ መተኛት ጀመረ። ፈረሶቹ ከላዩ ሲዘሉ ቀና ብሎ እንኳ አያይም።

የመቶ አለቃ ወንድይፍራው ትእዛዝ የመጣው ከዚሁ ትምህርት የተነሳ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ገበሬዎች ስለ ቡና ዋጋና ስለ አምራቾች ማኅበሩ አጉረምርመው ነበር። ከገደብ መለስ ብላ ባለች ትንሽ ገበያ ቡና የጫነ መኪና እንዳያልፍ ሴቶች መንገድ ላይ ተኙ። ፈረሰኞቹ ተላኩ። ፈረሶቹ እንደተማሩት ሴቶቹን አንድ በአንድ ዘለው ካለፉ በኋላ ዞረው ቆሙ። ሕዝቡ አጨበጨበ። መኪናው ሳያልፍ ዋለ። የቀድሞው አዛዥ በሳምንቱ ተነሳ፣ መቶ አለቃ ወንድይፍራውም መጣ።

ጋሽ ከሊፋ ደብዳቤውን ከእጄ ተቀብሎ እዚያው ፊቴ ቆሞ አነበበው። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ።

«አመለወርቅ፣ አንድ ፊደል ዘለሻል እንዴ?»

«አልዘለልኩም ጋሼ።»

«'እንዳይረግጡ' ለማለት ይሆናል።»

«'እንዲረግጡ' ነው የሚለው። ከእጅ ጽሑፉ ጋር ሁለት ጊዜ አመሳክሬዋለሁ።»

ፊቱ ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ቁጣ አልነበረም። ሰው ቤቱ ገብቶ ቤቱ የሱ አለመሆኑ ሲነገረው የሚሆነውን ሆኖ ነበር። ወደ መቶ አለቃው ቢሮ ገባ፤ በሩን አልዘጋውም።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ፈረስ በተፈጥሮው ሰው አይረግጥም።»

«ታዲያ አሰልጣኝ ለምን ተቀጠረ?»

«እኔ አስራ ሰባት ዓመት ያስተማርኳቸው...»

«ያስተማርከውን በመስከረም አየነው። የመንግሥት ኃይል ሄዶ ተጨበጨበለት! ሰርከስ ነን እንዴ?»

«ሴቶች ነበሩ እኮ፣ ጓድ መቶ አለቃ። አሮጊቶች ነበሩበት።»

«አሮጊቶቹ የተኙት ፈረሶችህን ስለሚያውቁ ነው። ሁለት ወር አለህ። ካልቻልክ የሚችል አመጣለሁ፤ አንተን ደግሞ ለምን አልቻልክም ብሎ የሚጠይቅ ክፍል አለ።»

ጋሽ ከሊፋ የአራት ልጆች አባት ነበር። በዚያ ዘመን «የሚጠይቅ ክፍል አለ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማብራራት አያስፈልግም። ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ። በእኔ በኩል ሲያልፍ አላየኝም።

እናም ጀመረው። ይህን ስናገር ዛሬም ይቀፈኛል፤ ግን ጀመረው። ሜዳው ላይ ፈረስ የማይዞርበት ጠባብ መተላለፊያ በጣውላ ታጠረ። ወለሉ ላይ የቡና ገለባ የተሞላ ጆንያ ቁምጣና ሸሚዝ ለብሶ ተጋደመ። መቶ አለቃው ፊሽካ ሲነፋ ከኋላ ቆርቆሮ ይደበደባል፣ አለንጋ ይጮሃል፣ ፈረሱ ሌላ መውጫ የለውም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ፈረሶቹ ጣውላውን ተደግፈው ቆሙ፤ አንዱ ወደ ኋላው ተቀምጦ ኮርቻውን ሰበረ። በሦስተኛው ሳምንት አንደኛው ረገጠ።

እሱም ቦራ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው ዳማ ፈረስ፣ ጋሽ ከሊፋ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ያሳደገው፣ ከሁሉ በፊት ሁሉን የሚማር ፈረስ። ያን ቀን ጋሽ ከሊፋ ቤቱ ሲመጣ በር ላይ ተቀምጦ ጫማውን አወለቀና በውሃ ማጠብ ያዘ። ጫማው ንጹሕ ነበር።

«ምን ነካህ?» አለችው ረህማ።

«ድምጹን ሰማሁት» አላት። «ገለባ ነው፤ ገለባ መሆኑን አውቃለሁ።»

መቶ አለቃው በቦራ ተደሰተ። ለራሱ መጋለቢያ ወሰደውና በየቀኑ በዚያ መተላለፊያ ይነዳው ጀመር። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ጋሽ ከሊፋ አንድ ነገር አስተዋለ። ከጥበቃ ሲመለሱ አንድ ጀማሪ ፖሊስ ቁልቁለት ላይ ከፈረሱ ወደቀ፤ ከኋላው የነበረው፣ ጆንያውን በየቀኑ የሚረግጠው ፈረስ፣ ልጁ አጠገብ ሲደርስ እግሩን ሰብስቦ ቆመ። ጋሽ ከሊፋ ከፈረሱ ወርዶ የወደቀውን ልጅ ሳያነሳ ፈረሱን አቀፈው አሉ። ፈረሶቹ ጆንያና ሰው ይለያሉ። ጆንያው ጆንያ ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ያደረገውን ሚስቱም እኔም ያኔ አላወቅንም። ለሦስት ለአራት ቀን ጥበቃ ሲወጡ፣ ከባንኮ ጎቲቲ ወዲያ ማንም አለቃ የማይደርስበት ቦታ ላይ፣ አራት አራት ፈረስ እየወሰደ እንደገና አስተማራቸው። ፖሊሶቹ በየተራ መንገዱ ላይ ይተኛሉ። እሱ ፊሽካ ይነፋል። ፈረሱ ፊሽካውን ሰምቶ ከተኛው ሰው ፊት ሲቆም አንድ ጭብጥ ጨው ከእጁ ይልሳል። ዲላ ሲመለሱ ደግሞ በጣውላው መሀል ጆንያውን ይረግጣሉ፣ መቶ አለቃውም ይረካል። ነገሩን የሚያውቁት ፈረሰኞቹ ብቻ ነበሩ፤ አንዳቸውም አልተነፈሱም። በሁለት ወር ውስጥ ፈረሶቹ ሁሉ በዚህ አለፉ። ቦራ ብቻ ቀረ፤ ቦራ ከመቶ አለቃው እጅ ወጥቶ አያውቅም።

በየካቲት፣ አንድ ሐሙስ፣ በዚያችው ገበያ ሰው እንደገና ተሰበሰበ። አስራ ሁለት ፈረሰኛ ታዘዘ። ከዋዜማው ሄደው ገደብ አደሩ። ጠዋት ገበያው ዳር እንደቆሙ መቶ አለቃው በላንድሮቨር ደረሰ። ቦራን ሌላ ፖሊስ እየሳበ አምጥቶለት ነበር። መቶ አለቃው ልጓሙን ለጋሽ ከሊፋ ሰጠው።

«ፈረስህን ውሰድ። ከፊት ሆነህ ምራ። ዛሬ የሠራኸውን እናያለን።»

ከዚህ በኋላ ያለውን ጋሽ ከሊፋ ራሱ ነው የነገረኝ፤ በወህኒ ቤቱ አጥር በኩል፣ ረህማ አጠገቤ ቆማ።

«እምቢ ማለት ነበረብኝ» አለኝ። «አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እኮ ያሳደግኩት ፈረስ ነው። ሦስት ወር ጣውላ ውስጥ ቢሮጥ እኔን ይረሳል ብዬ አላመንኩም። በእጄ እይዘዋለሁ አልኩ። ለፈረሰኞቹ ግን ነገርኳቸው፤ ቦራ ከጆንያው ትምህርት አልተመለሰም፣ ፊሽካ ሲነፋ ከፊቱ ሰው አስነሱ፣ አልኳቸው። ለሁሉም ነገርኩ። ዘነበ ብቻ ውሃ ሊያጠጣ ወርዶ ነበር። ሲመለስ እነግረዋለሁ ስል ተነሱ ተባልን።»

ገበያው ላይ ሴቶቹ እንደ መስከረሙ መንገዱን ዘግተው ተኝተው ነበር። አንዳንዶቹ ፈረሶቹን ሲያዩ ሳቁ፤ የሚያውቋቸው ፈረሶች ናቸው። ከፊት ከተኙት መሀል ቆጮ ሻጯ ወለላ፣ የዘነበ እናት፣ ነበሩ።

መቶ አለቃው ላንድሮቨሩ ላይ ቆሞ ፊሽካውን ነፋ። ከኋላ ደግሞ ይዞት የመጣው ሰው ቆርቆሮ መደብደብ ጀመረ።

አስራ አንዱ ፈረሶች ጥቂት ሮጡና ሴቶቹ ፊት ሲደርሱ ቆሙ። አንገታቸውን አዙረው የጋሽ ከሊፋን እጅ ፈለጉ፤ ጨው ይጠብቁ ነበር። ቦራ ግን አልቆመም። ጋሽ ከሊፋ ልጓሙን እስከ ደረቱ ሳበው፣ የፈረሱ አንገት ተጠመዘዘ፣ ከአፉ ደም መጣ። አንገቱ ወደ ጎን ዞሮ እግሩ ወደፊት ይሄድ ነበር። ዘነበ ከፈረሱ ዘሎ ወርዶ እየሮጠ እናቱ ላይ ሲወድቅ ጋሽ ከሊፋ አየው። ስሙን ጠራው። ከዚያ ያን ድምጽ ሰማ።

የዘነበ ዳሌ ተሰበረ። እናቱ በሁለተኛው ቀን አረፉ።

የዚያን ሳምንት ሪፖርት የተየብኩትም እኔ ነኝ። «አንዲት የገበያ ሴት በተፈጠረው ግርግር ተረጋግጣ ሕይወቷ አልፏል» ይላል። ፈረስ የሚል ቃል የለበትም። አልተቃወምኩም፤ ሦስት ቅጂ አድርጌ መታሁት። ለሁለተኛው ወረቀት ግን አልተዘጋጀሁም ነበር። ክስ ነው። ተከሳሹ ሃምሳ አለቃ ከሊፋ። እንባዬ እየመጣ፣ በሴትየዋ ሞት መስሎኝ አነበብኩት። አይደለም። ክሱ «አስራ አንድ ፈረሶች በግዳጅ ላይ ሆን ተብሎ እንዲቆሙ በማድረግ» የሚል ነበር። አንድ ሰው ገድሎ ያለፈው ፈረስ እንደሚገባ የሠራ ሆኖ ተቆጠረ። የቆሙት ናቸው ያስከሰሱት። አንብቤ ስጨርስ ከወንበሬ ተነስቼ በመስኮት ወጥቼ መሄድ አማረኝ። አልሄድኩም። ቤታችን ውስጥ ደሞዝ የማመጣው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጋሽ ከሊፋ ሦስት ዓመት ተፈረደበት። ፍርዱን ሲሰማ አልተከራከረም፤ ዳኛው የምትለው ነገር ካለ ብለው ሲጠይቁት «ያነሰ መሰለኝ» ብሎ ችሎቱን አስደነገጠ። መቶ አለቃ ወንድይፍራው ሻምበል ሆኖ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ። ቡድኑ በ1976 ዓ.ም. ፈረሰና ፈረሶቹ ተሸጡ። ቦራን ከጉጂ በኩል የመጣ ሰው ገዛው አሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሰማሁት የለም።

በ1977 ዓ.ም. ጋሽ ከሊፋ ተፈቶ ሲመጣ አባቱ ሞተው ሱቁን ወንድሙ ይዞት ነበር። እዚያ ገብቶ ጨው መሸጥ ጀመረ። ሰው ሲያናግረው ይመልሳል፣ ሳይናገሩት አይናገርም። ጋሪ በሱቁ በር ሲያልፍ ወደ ጓዳ ይገባል።

አንድ ቅዳሜ ሱቁ ውስጥ ሳሙና ልገዛ ቆሜ ሳለሁ ዘነበ በምርኩዝ ገባ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያየሁት ያኔ ነው። ጋሽ ከሊፋ ሚዛኑን ይዞ ቀረ። እኔ መውጣትም መቆምም አቃተኝ።

«ጋሼ» አለ ዘነበ፣ «የእናቴ ቀብር ላይ አልመጡም።»

«ታስሬ ነበር።»

«አውቃለሁ። አልመጡም ነው ያልኩት።»

«ልምጣ?» አለው ጋሽ ከሊፋ። ድምጹ የሕፃን ድምጽ ነበር።

ዘነበ ምርኩዙን ባንኮኒው ላይ አስደገፈ። ከዚያ «ጋሪ ገዝቻለሁ» አለ። «በእግሬ መሥራት አልችልም። ፈረሷ ግን መኪና ሲያይ ገደል ይገባል። ማንም ሊገራት አልቻለም።»

በማግስቱ ሁለቱ ወደ ወለላ መቃብር ሄዱ። ሰኞ ዕለት ጋሽ ከሊፋ ሱቁን ለወንድሙ ትቶ ሜዳው ላይ የዘነበን ፈረስ ሸኮና ሲያነሳ ታየ። ሰባት ቀን እግሯን ብቻ አነሳ፣ ጆሮዋን ዳሰሰ፣ አወራት። ዘነበ ሳር ላይ ተቀምጦ ያያል። በወሩ ፈረሷ በሎንቺናዎች መሀል ጋሪ እየጎተተች ገበያ ወጣች። ከዚያ በኋላ የዲላ ጋሪ ነጂዎች ሁሉ ያስቸገራቸውን ፈረስ እሱ ጋ ማምጣት ጀመሩ። ያስተምራል፤ ራሱ ግን ጋሪም ላይ ፈረስም ላይ አይወጣም። ከገበያ ሲመለሱ ዘነበ ጋሪው ላይ ሆኖ ፈረሷን በእርምጃ ይነዳታል፣ ጋሽ ከሊፋ በእግሩ አጠገቡ ይሄዳል። ሰው ይስቅባቸው ነበር።

ጋሽ ከሊፋ በ1982 ዓ.ም. ጉበቱን ታመመና በሁለት ወር ውስጥ አለቀ። አርባ አምስት ዓመቱ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ዘነበ ከአልጋው አጠገብ አልጠፋም።

ከቀብሩ መልስ፣ የረህማ ግቢ በሰው ተሞልቶ፣ እኔና ዘነበ ከግቢው ውጭ አጥሩ ሥር ተቀምጠን ነበር። ለማጽናናት ብዬ «ይቅር ስላልከው ደስ ብሎት ነው የሄደው» አልኩት። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ።

«እኔ ምን ይቅር እላለሁ?» አለ። «ያን ቀን ጠዋት ሰምቼ ነበር።»

«ምኑን?»

«ቦራ አልተመለሰም የተባለውን። ውሃ ስናጠጣ ፈረሰኛው ኡስማን ነገረኝ፤ እሱ ከጋሼ ሰምቶ ነው የመጣው። ከዚያ በገበያው ሳልፍ እናቴን አየሁ። ቆጮዋን ዘርግቶ ተቀምጧል። 'በልተሃል ወይ' አለችኝ። 'ዛሬ ከመንገዱ ራቂ' ልላት አፌን ከፈትኩ። ኋላ ሰዉ ይሰማል፣ ከሰው ወደ መቶ አለቃ ይደርሳል፣ ሁላችንም እንታሰራለን ብዬ ፈራሁ። 'በልቻለሁ' አልኳትና ሄድኩ።»

ስምንት ዓመት ጋሽ ከሊፋ ለዘነበ አልነገርኩትም እያለ ራሱን ሲበላ አይቻለሁ። ወህኒ ቤት ሆኖ፣ ሱቅ ውስጥ ሆኖ፣ የጋሪ ፈረስ ገመድ ይዞ፣ ያንኑ ነበር የሚለው። ይህ ሰው ደግሞ አጠገቡ ተቀምጦ ያንን ሲሰማ ኖሯል።

«ሳትነግረው ሞተ?» አልኩት። ድምጼ ሳላውቀው ጮኸ፤ ግቢ ውስጥ ያሉ ሰዎች ዞር ብለው አዩን።

«ነገርኩት። ባለፈው ማክሰኞ። ብዙ ጊዜ ልነግረው ፈልጌ፣ ጥፋቱ የሱ ብቻ ሲሆን ለኔ ይቀለኝ ነበርና ተውኩት። ማክሰኞ ግን ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

ዘነበ ምርኩዙን ከመሬት አንስቶ ጉልበቱ ላይ አጋደመው።

«ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ 'ብቻህን ይህን ሁሉ ዓመት?' አለኝ። ውሃ ስጠኝ አለ፤ ሰጠሁት።»

ከግቢው ውስጥ ረህማ ስሜን ጠራች፤ ለእንግዶቹ የሚሆን ብርጭቆ ከቤቴ እንዳመጣ ነበር። ተነሳሁ። ብርጭቆዎቹን ሳወጣ እርስ በርሳቸው ይጋጩ ነበር። አንዱ ወድቆ ተሰበረ። ሌሎቹን ይዤ ስወጣ ዘነበ ከተቀመጠበት ተነስቶ የረህማን ግቢ በር በትከሻው ከፍቶ ያዘልኝ።